ወንበሩ አንድ፣ ሰዓቱ የየራሱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም እንዲሁም ከባሕር ዳር የጥርስ ክሊኒኮች የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ ረዳት ነርስ፣ የክሊኒክ ባለቤት፣ ሐኪምና የጥርስ ቴክኒሽያን ናቸው። የሰዎቹንም የክሊኒኮቹንም ስም አልጻፍንም። አንድ ላይ ያደረግናቸው፣ ቃሉ ይለያይ እንጂ ሁሉም «ሥራዬን የሚረዳልኝ የለም» ስለሚሉ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ዶክተራችን «ሰው አታጭቂብኝ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከቢቸና፣ ከየጁቤ ሌሊት ተነሥቶ የመጣን ሰው «ነገ ተመለስ» ማለት አይሆንልኝም። ከሰዓት በኋላ መኪና ያመልጠዋል፣ ማደሪያም የለውም። ቀጠሮ የምይዘው በየ20 ደቂቃው ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን ኮሪደሩ ሞልቶ ስድቡን የምጠጣው እኔ ነኝ።

መልስ፦ እርስዎም አልተሳሳቱም፣ ዶክተሩም አልተሳሳቱም። እርስዎ የሚቆጥሩት የመኪናውን ሰዓት ነው፣ እሳቸው የሚቆጥሩት አፍ ውስጥ ያለውን።

20 ደቂቃ የላላ የፊት ጥርስ ለመንቀል ይበቃል። የታች መንጋጋ ጥርስ መሙላት ግን ሌላ ነው። ሰውየውን አስቀምጦ ካርዱን አይቶ መጠየቅ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ማደንዘዣው ከተወጋ በኋላ ከንፈር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ መደንዘዝ ይጀምራል፤ ጥርሱ ራሱ በደንብ እስኪደነዝዝ ግን 10፣ አንዳንዴም 15 ደቂቃ ያስፈልጋል። የበሰበሰውን ፍቆ ማውጣት 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ ጥርሱን በጥጥ ከምራቅ ይለዩታል፣ አሲዱን ቀብተው ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ማጣበቂያውን ይቀባሉ። ኮምፖዚቱን (መሙያውን) ከ2 ሚሊ ሜትር ባልወፈረ ንብርብር እየጨመሩ እያንዳንዱን ቢያንስ 20 ሰከንድ በመብራት ያጠነክሩታል፤ ይህም ሌላ 10 ደቂቃ ነው። ንክሻ ማስተካከልና ማለስለስ 5 ደቂቃ። ወንበሩን ማጽዳት ሳይቆጠር 45 ደቂቃ አካባቢ ሆነ ማለት ነው። ይህን በግድ ወደ 20 ሲያወርዱት መጀመሪያ የሚሰረቀው ማደንዘዣው የሚጠበቅበት ጊዜ ነው፣ ቀጥሎ ማድረቁ። ምራቅ የነካው ሙሌት ብዙ ሳይቆይ ይነሣል፤ ሰውየውም ተመልሶ የሚጮኸው እርስዎ መስኮት ላይ ነው።

ስለዚህ የቀጠሮ ደብተሩን በየ15 ደቂቃ መስመር አስምሩትና ለሥራው እንደ ዓይነቱ መስመር ይስጡት። ለምርመራ አንድ፣ ለተራ መንቀል ሁለት፣ ለመሙላት ሦስት፣ ለነርቭ ሕክምና የመጀመሪያ ቀን አራት። ቁጥሩን ዶክተሩ ያስተካክሉት፤ የእሳቸው እጅ ስለሆነ ማንም ሊገምትላቸው አይችልም። ሦስት ሰዓትና አምስት ሰዓት ላይ ለእያንዳንዳቸው ሁለት መስመር ባዶ ይተዉ። እነዚህ ያለ ቀጠሮ እያመመው ለሚመጣ ሰው ናቸው እንጂ ለዘመድና ለጎረቤት አይደሉም። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ጠዋቱን የነርቭ ሕክምና አይያዙበት፤ አንድ ሰው ወንበሩን አንድ ሰዓት ሲይዝ ሁለት የሚነቀልላቸው ሰዎች ደጅ ይቀመጣሉ።

አሁን ደግሞ እርስዎ የሚያውቁትና ዶክተሩ የማያዩት። መኪናው 9 ሰዓት የሚነሣ ሰው ጥርሱ ከ8 ሰዓት በፊት ተነቅሎ ማለቅ አለበት፤ ጎዙን 30 ደቂቃ መንከስ፣ ከዚያም ደሙ መቆሙ መታየት ስላለበት። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው ሌሊት ተነሥቶ፣ መኪና ላይ ተንገላቶ መጥቶ መርፌ ሲያይ ራሱን ቢስት አይገርምም። ስኳር ያለበት ከሆነ ነገሩ ከዚያም ይከፋል። እሑድ ሊቆርብ ላሰበ ሰው ዓርብና ቅዳሜ ጥርስ መንቀል አይያዝለትም፤ ከድዱ ደም እየቀላቀለ አይቆርብም፣ ከቆረበ በኋላ ደግሞ ምራቁን እንኳ አይተፋም። ይህን ሁሉ የሚሰማው ካርድ ክፍል ነው። በካርዱ ቀኝ ጥግ ላይ «መኪና 9»፣ «አልቀመሰም»፣ «እሑድ ይቆርባል» ብለው በእርሳስ ይጻፉበት። ሦስት ቃል ነው፤ ዶክተሩ ግን ማንን ማስቀደም እንዳለባቸው ወንበሩ ላይ ሆነው ያውቃሉ።

ለዶክተሩ ሲያስረዱ «ይዘገያሉ» አይበሉ። ለአንድ ሳምንት እያንዳንዱ ሰው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይመዝግቡና ወረቀቱን ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የቆሻሻውን ፌስታል ሳነሣ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ነርሷ «ለምን ሳታዪ ያዝሽ» አለችኝ። ለዶክተሩ መናገር ፈራሁ።

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ እስኪታተም አልጠበቅንም፤ ለጠያቂያችን በስልክ መልሰናል። ለሌሎች ግን እዚህ እንጻፈው። የተወጋውን ቦታ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ። አይጭመቁት፣ በረኪና አያፍስሱበት። ከዚያ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ የሚወሰደውም 28 ቀን ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ወስደው እንደሆነም ይጠየቃሉ። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። የጽዳት ሠራተኛ ከሐኪሙ እኩል ይከተብ።

አሁን ወደ ነርሷ ቃል። እሷ የምታየው ትሪውን ነው፣ እርስዎ የሚያዩት የታሰረውን ፌስታል። በታሰረ ፌስታል ውስጥ ምን እንዳለ ማንም ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ «ሳታዪ» የሚለው ወቀሳ ቦታውን ስቷል። መርፌ የሚጥለው የወጋበት ሰው ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። በጥርስ ሕክምና ችግሩ የሚመጣው ለአንድ ሰው ሁለተኛ የማደንዘዣ ካርትሬጅ (ብልቃጥ) ሲያስፈልግ መርፌው መልሶ ስለሚከደን ነው። ክዳኑን ትሪው ላይ አስተኝቶ በአንድ እጅ ብቻ መርፌውን ማስገባት ይገባል። ሁለት እጅ ከተጠቀሙ ሐኪሙ ይወጋል፤ ከናካቴው ካልተከደነ ከጎዝና ከጥጥ ጋር ተጠቅልሎ እርስዎ ጋ ይደርሳል። የተሰበረ ካርትሬጅ፣ ያገለገለ ቡር (የጥርስ መሰርሰሪያ ጫፍ)፣ የቢላ ስለት፣ የሽቦ ቁራጭ ሁሉም ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ነው የሚገቡት። ሳጥኑ ከአራት እጅ ሦስቱ ሲሞላ ይዘጋል። ሳጥኑን ከወንበሩ እጅ በሚደርስበት ያስቀምጡት፤ ኮሪደር ላይ ያለ ሳጥን የለም ማለት ነው። ፌስታሉን አንገቱን ይዘው፣ ከእግርዎ አርቀው ያንሡት፤ ከሥሩ አይደግፉት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ረዳት ነርስ ነኝ። ሰውየው ወንበር ላይ እያለ ሐኪሟ «ዕቃ የታለ?» ትላለች። ኦቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛው) ውስጥ ነው እላታለሁ። «አውጪው!» ትላለች። እርጥቡን ያወጣሁበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ደግሞ «ያለው ይበቃል፣ እናንተ ዕቃ ታበላሻላችሁ» ይላል። ከሁለቱ መካከል ቀረሁ።

መልስ፦ እርጥብ ወጥቶ እጅ የነካው ዕሽግ እንዳልመከነ ይቆጠራል። እርጥብ ወረቀት ወይም ጨርቅ ከእጅና ከጠረጴዛ ጀርም እየመጠጠ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ይህን ግን ወንበሩ አጠገብ ቆመው ሳይሆን ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይናገሩ፤ የተደነዘዘ አፍ ከፊቱ ያለ ሐኪም አይሰማም። ሐኪሟም የምትጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም። 2 በመቶ ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር ሲሰጥ ጥርሱ ውስጥ ያለው ድንዛዜ የሚቆየው አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ዕቃ ሲጠበቅ ያ ሰዓት እያለቀ ነው።

መፍትሔው አንድ ቀላል ደንብ ነው፦ ሙሉው ትሪ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ መርፌ አይወጋም። ይህ ደንብ ከተያዘ ከጩኸቱ አብዛኛው በራሱ ይቆማል።

አሁን ዕቃው የሚሄድበትን መንገድ እንቁጠረው፤ ሐኪሟም ባለቤቱም ያላዩት ይኼ ነውና። ያገለገለ ጉጠት መጀመሪያ 0.5 በመቶ የክሎሪን ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ገበያ ላይ ያለው በረኪና 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ ነው። ከዚያ በብሩሽና በሳሙና መታጠብ፣ መለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ ማሸግ፤ ለአንድ ዙር 25 ደቂቃ ይጨርሳል። ኦቶክሌቩ እስኪግል 15 ደቂቃ፣ በ121 ዲግሪ የታሸገ ዕቃ 30 ደቂቃ፣ ማድረቅና ማቀዝቀዝ ሌላ 30። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የተቀመጠ ጉጠት አራት ሰዓት ተኩል ሳይሆን አይመለስም።

በዚህ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ወንበር ላይ አራት ሰው ከተነቀለለት፣ አራት የዕቃ ስብስብ ሥራ ላይ፣ አራት ስብስብ ማምከኛ ላይ፣ ሁለት ደግሞ መብራት ሲሄድ መጠባበቂያ፤ አሥር ስብስብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ክሊኒካችሁ ያለው ስድስት ከሆነ ዕቃው የሚያልቀው እርስዎ ስለዘገዩ ሳይሆን ቁጥሩ ስለማይገጥም ነው። ለባለቤቱ «ዕቃ አነሰን» ከማለት «በዚህ ሳምንት ዕቃ ስንጠብቅ ወንበሩ ይህን ያህል ደቂቃ ባዶ ቆመ» ይበሉት። ባለቤት የሚገባው በባዶ ወንበር ሲነገረው ነው።

ባለቤቱ «ታበላሻላችሁ» ያለውም ግን ከባዶ አልተነሣም። በረኪና ብረት ይበላል። ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት ማንሣት ከተለመደ ጉጠቱ ማጠፊያው ላይ ይዝጋል፣ ጥርሱ ይደንዛል። 10 ደቂቃ ማለት 10 ደቂቃ ነው፤ ግድግዳ ላይ የምትጮህ ሰዓት ስቀሉ። ማጠፊያ ያለው ዕቃ ሁሉ ተከፍቶ ይመክናል፤ የተዘጋ ማጠፊያ ውስጥ እንፋሎት አይገባም፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መብራት መሃል ላይ ከሄደ ደቂቃው ከዜሮ ይጀምራል። «20 ደቂቃ ሠርቶ ነበር፣ 10 ልጨምርለት» አይሠራም። በዕሽጉ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር መስመሩ መጥቆሩ ዕሽጉ ሙቀት ውስጥ ማለፉን ብቻ ነው የሚናገረው፤ መምከኑን አይመሰክርም።

በነገራችን ላይ፣ ምድጃ ላይ የሚጣድ ባለ ጌጅ (የግፊት መለኪያ ያለው) ማምከኛ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር እናንሣ፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። በመመሪያው ላይ «15 ፒኤስአይ ሲደርስ 121 ዲግሪ ነው» የሚለው (ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ለባሕር ጠለል ከፍታ ነው። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃም ቀድሞ ይፈላል፤ ባሕር ዳር በ94 ዲግሪ፣ ደብረ ማርቆስ በ92 ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ ማርቆስ ላይ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው 116 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ መጨመር ያስፈልጋል፦ 1,800 ሜትር ላይ ላለችው ባሕር ዳር 18፣ 2,400 ሜትር ላይ ላለችው ማርቆስ 19 አካባቢ። ቴርሞሜትር ያለው ከሆነ ጌጁን ትታችሁ ቴርሞሜትሩን ተከተሉ። ማምከኛው ከተሠራበት በላይ ግፊት ግን አይጫንም፤ ልኩ ካልደረሰ ባለሙያ ይየው። የአየር ማስወጫው ከመዘጋቱ በፊት ውስጥ ያለው አየር በእንፋሎት ተገፍቶ መውጣት አለበት፤ የታፈነ አየር ጌጁን ያስነሣዋል፣ ሙቀቱን ግን አያደርሰውም።

ጥያቄ፦ ቡሬ የክሊኒክ ባለቤት ነኝ። «ይነቀልልኝ» ብሎ የመጣን ሰው ሐኪሙ «ይታከም» እያለ ይመልሰዋል። ሰውየውም ሌላ ቦታ ሄዶ ያስነቅላል። ገቢያችን እየወረደ ነው።

መልስ፦ ሐኪሙ የሚያየው ሥሩ ጠንካራ የሆነ፣ ታክሞ ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ጥርስ ነው። ሕመምተኛው የሚያየው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መመላለስ፣ የመኪና ሒሳብ፣ በኅዳር ደግሞ አጨዳ የሚፈታበትን ቀን ነው። እርስዎ ደረሰኙን ያያሉ። ሐኪሙ «ይታከም» ከማለቱ በፊት «ስንት ጊዜ መምጣት ይችላሉ?» ብሎ ይጠይቅ። የአንዳንዱን ጥርስ ነርቭ በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል። ሁለቱንም ዋጋ ከመመላለሻው ጋር ደምሮ ይንገረው፤ የነርቭ ሕክምና የተደረገለት መንጋጋ ጥርስ ከላዩ ካልተሸፈነ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ጭምር። ከዚያ በኋላ ሰውየው «ይነቀል» ካለ ይነቀል። እርስዎ ግን በስልክ ዋጋ አይቁረጡ፤ ያልታየ ጥርስ ዋጋ የለውም። ሐኪሙም የሚናደደው በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ ሰውየው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም የጥርስ ሐኪም ነኝ። በየሳምንቱ ሠራተኞቼን ሰብስቤ «ምን ችግር አለ?» እላለሁ። «ምንም የለም ዶክተር» ይሉኛል። በሌላ በኩል ግን ከጀርባዬ ብዙ ነገር እሰማለሁ።

መልስ፦ የቅኔ አገር ሰው ይዘው ሰሙን ብቻ ይዘው አይቅሩ። «ምንም የለም» ማለት «እዚህ፣ እርስዎ ፊት፣ ሌሎች እየሰሙ የለም» ማለት ነው። ደሞዝ የሚከፍል ሰው «ችግር አለ?» ሲል የሚሰማው «ማን ነው ችግሩ?» ሆኖ ነው፤ ሰውም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይወጣል።

ሰው የሚመልሰው የሚቆጠር ነገር ሲጠየቅ ነው። «ትናንት ስንት ጊዜ ዕቃ ጠበቅን?» «ስንት ሰው ሳይታከም ተመለሰ?» «ሰክሽኑ (የምራቅ መምጠጫው) ስንት ጊዜ ተዘጋ?» እነዚህ ማንንም አይወቅሱም። የሳምንቱን ስብሰባ ይተዉትና በየጠዋቱ ካርድ ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት ለ10 ደቂቃ ቆማችሁ ተነጋገሩ። ወንበር ከወጣ ስብሰባ ይሆናል፣ ስብሰባ ከሆነ ዝምታው ይመለሳል። የጽዳት ሠራተኛዋ ትጀምር፣ ቀጥሎ ካርድ ክፍል፣ ቀጥሎ ነርሷ፣ እርስዎ መጨረሻ። እርስዎ ቀድመው ከተናገሩ የሌላው ሁሉ ንግግር «ዶክተር እንዳሉት» ይሆናል። ከተነገረው አንዱን ትንሽ ነገር በዚያው ሳምንት ያድርጉት፤ የበር እጀታ ቢሆን እንኳ። የተናገረው ሰው የሚያየው ያንን ነው።

ሕመምተኛ ፊት ማንንም አያርሙ። አንድ ቃል ተስማሙበት፤ «ፋይሉን እዪልኝ» ማለት «ቁሚ፣ ተሳስተሻል» እንዲሆን፣ ለእርስዎም ጭምር። ነርሷ ጓንት ሳይቀይሩ መሳቢያ ሲከፍቱ ብታይ «ዶክተር፣ ፋይሉን ልይልዎ?» ማለት ትችላለች። አሁን ባለው ሁኔታ ግን ዝም ብላ ታያለች፣ ማታም መሳቢያውን ታጥባለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ካርድ ክፍል ይቀመጡ። ለመርዳት ብለው አይደለም፤ ለመቀመጥ ብቻ። አንድ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሁለት መኪና የሚያመልጣቸው ሽማግሌዎች፣ አንድ «ዶክተሩን አውቃለሁ» የሚል ሰው በአንድ ጊዜ መስኮቱ ላይ ሲቆሙ ካዩ በኋላ «ለምን ታጭቂያለሽ» የሚለው ቃል በሌላ ቃል ይወጣልዎታል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የጥርስ ቴክኒሽያን ነኝ፤ ተነቃይ ጥርስ እሠራለሁ። ከሞጣ በመኪና የአፍ ልክ ይላክልኛል። ሠርቼ ስልከው «አልገጠመም» እባላለሁ። ሕመምተኛውም ሐኪሙም እኔን ይወቅሳሉ።

መልስ፦ የተላከልዎት አልጅኔቱ (የአፍ ልክ የሚወሰድበት ማሽ) ራሱ ከሆነ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው ያለቀው። አልጅኔት አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው። አየር ላይ ሲቆይ ውኃውን አጥቶ ይሰበሰባል፣ ውኃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ደግሞ ጠጥቶ ያብጣል። እርጥብ ጎዝ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ቢገባ እንኳ የሚታገሠው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚሻለው በ15 ደቂቃ ውስጥ ጀሶ ቢፈስበት ነው። በአዴት በኩል የሚመጣው መኪና በ15 ደቂቃ አይደርስም።

ስለዚህ ጀሶው ሞጣ ላይ ይፍሰስ። ሐኪሙ የሚያየው የሕመምተኛውን ማቅለሽለሽ ስለሆነ ልክ ከወጣ በኋላ ያለው ነገር ለእሱ «አልቋል» ነው፤ ለእርስዎ ገና መጀመሩ ነው። ሁለታችሁ አንድ ወረቀት ላይ የሚከተለውን ተስማሙ።

ዱቄቱና ውኃው በፋብሪካው መለኪያ ይለካ፣ ውኃው 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ፀሐይ የመታው ባልዲ ውኃ ትሪው አፍ ሳይገባ ያጠነክረዋል። ከ45 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ በደንብ ጎድጓዳው ጎን ላይ እየተጫነ ይማሽ፤ በችኮላ የተማሸ በአረፋ ይሞላል። አፍ ውስጥ ሲገባ ትሪው አይነቃነቅ። ከጠነከረ በኋላ በአንድ ፈጣን ስበት ይውጣ፤ እየነቀነቁ ማውጣት ጠርዙን ይጎትተዋል። በሚፈስ ውኃ ምራቁና ደሙ ይታጠብ፣ በፀረ ጀርም ይረጭ፣ ይራገፍ።

ለተራ ጀሶ 100 ግራም ከ45 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ለጠንካራው ድንጋይ ጀሶ 100 ግራም 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ። በዓይን ግምት ውኃ የበዛበት ሞዴል የጥርሱ ጫፍ በጥፍር ይፋቃል። ትሪውን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እያንኳኩ ከአንድ ጥግ ብቻ ቀስ ብሎ ይፍሰስ፤ ከሁለት በኩል ከፈሰሰ አየሩ መሃል ይታፈናል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ይለይ። ማታ ፈሶ ጠዋት የሚለይ ከሆነ አልጅኔቱ ደርቆ ጥርሱን ይዞ ይሰበራል።

እርስዎም «ልኩ መጥፎ ነው» ብለው አይመልሱ። ሞዴሉ እንደደረሰ በዚያው ሰዓት ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይላኩና ቦታውን ይጥቀሱ፦ «ግራ በኩል፣ ከመጨረሻው ጥርስ ጀርባ ያለው ጠርዝ አልመጣም»። ሐኪሙ ሰውየው ሞጣ እያለ ድጋሚ መውሰድ ይችላል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የተነገረ ግን ጠብ ይሆናል።

ከሞዴሉ ጋር የሚላከው ወረቀት ላይ የሕመምተኛው ዕድሜና ጾታ፣ የጎደሉት ጥርሶች፣ ቀለሙ፣ በሰም ተተክሎ የሚሞከርበት ቀን፣ ሰውየው ወደ ከተማ የሚመጣበት የገበያ ቀን ይጻፍ። ቀለሙ የሚመረጠው ገና ሥራው ሳይጀመር፣ መስኮት ዳር፣ በቀን ብርሃን ነው። አፍ ተከፍቶ የቆየ ጥርስ ደርቆ ይነጣል፤ በዚያን ጊዜ የተመረጠ ቀለም ሰውየው አፉን ሲዘጋና ሲስቅ አይመሳሰልም። ንክሻ የተወሰደበት ሰም ደግሞ ሙቀት ላይ ይጠመዘዛል፤ መኪናው ውስጥ ከሞተሩ ራቅ ያለ ቦታ፣ በሁለቱ ሞዴሎች መካከል ታስሮ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ በካርቶን ይላክ።